ደንገል ከዘር ወይስ ከሥር? (ጣና ዳር ላለ ችግኝ ጣቢያ)

የሐይቅ ዳሯ፦
ሰላም ለቤቱ! በማኅበር ሆነን ጣና ዳር ትንሽ ችግኝ ጣቢያ ጀምረናል። የምንፈልገው እምቦጭ የተነቀለበትን ዳርቻ በአገሩ ተክል መልሰን መሸፈን ነው። ባዶውን ከተተወ እምቦጩ ዞሮ እዚያው ነው። ታንኳ የሚሠራበት የውሃ ዳር ተክል፣ ደንገል፣ ቀዳሚ ምርጫችን ነው፤ ቄጠማም እንጨምራለን።

አሁን ማኅበሩ ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ "ካለበት ሥሩን ቆፍረን እናምጣ፣ ይፈጥናል" ይላል። እኔ ግን አንጀቴ እምቢ አለ። የተረፈችውን ደህና የደንገል ጫካ ቆፍረን ሌላ ቦታ ብንተክላት ምኑን አተረፍነው? ከዘር ያፈላ ካለ ይንገረኝ። ደግሞስ ወደ ሐይቁ የምናወርደው መቼ ነው? ሰኔ የሚሉ አሉ፣ ኅዳር የሚሉ አሉ። ስንት ችግኝ እንዳፈላን የሚጠይቀን ብዙ ነው፤ ስንቱ ጸደቀ የሚል ግን የለም። ስለዚህ እባካችሁ በእጃችሁ የሠራችሁትን ንገሩኝ።

ጡረተኛው፦
እህቴ፣ አንጀትሽን ስሚው። ከዘር ይበቅላል። የደንገሉ አናት ቡናማ ሆኖ ሲደርቅ ቆርጠሽ ጨርቅ ላይ አራግፊው። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ነፋስ በሌለበት ይሁን። ከዚያ አፈር እንዳታለብሽው! ብርሃን ይፈልጋል። ጭቃ ደልድለሽ ላዩ ላይ ብቻ በትኝው። ከላይም አታጠጪ፤ ውሃው ዘሩን ጠርጎ አንድ ጥግ ይሰበስበዋል። ሥሩ የተበሳ ዕቃ ውሃ የያዘ ሳፋ ውስጥ አስቀምጪ፤ ጭቃው ከታች እየሳበ ይርሳል። ላዩን በስስ ላስቲክ ሸፍኝው።

ጭቃውን ግን እምቦጭ ከነበረበት እንዳታመጪ። የእምቦጭ ዘር ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። እርጥበትና ብርሃን ሲያገኝ ብድግ ነው። በገዛ እጅሽ እምቦጭ ስታፈይ ትገኛለሽ።

ሌላው ጣጣ አረም ነው። ደንገል በልጅነቱ ሣር ስለሚመስል አራሚ ነቅሎ ይጥለዋል። ግንድ እስኪያወጣ አትንኩት። ከዚያ ግንዱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ይዘሽ አሽከርክሪው። ሦስት ጠርዝ ጣትሽን ከቆረቆረሽ የደንገልና የቄጠማ ወገን ነው። ድቡልቡል ሆኖ አንጓ ካለው ሣር ነው፤ ንቀይው።

ባሕር ሸሽ፦
በዘሩ እስማማለሁ። ሥር መውሰድ ሁሉ ግን ጥፋት አይደለም። ከጫካው ጠርዝ፣ ከተለያየ ቦታ፣ ትንሽ ትንሽ ውሰዱ። እያንዳንዱ ቁራጭ ቡቃያ ይኑረው። ከአንድ ሥር ብቻ ካባዛችሁ ሁሉም አንድ ተክል ነው፤ አንዱን የጣለ በሽታ ሁሉንም ይጥላል። ግንዱን ስትቆርጡ ደግሞ ጉቶው ከውሃ በላይ ይቅር። ሥሩ አየር የሚያገኘው በግንዱ በኩል ነው። ጉቶውን ውሃ ከዋጠው ይበሰብሳል።

ስለ ወሩ፦ ሐይቁ ዝቅ የሚለው ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው፤ የሚሞላው መስከረምና ጥቅምት ላይ። ኅዳር ላይ ብትተክሉ ውሃው ይሸሻችኋል፣ ችግኙ ደርቆ ይቀራል። ሰኔ ላይ ጣት የምታክለውን ብትተክሉ ደግሞ ክረምቱ ይውጣታል። እኔ ብሆን በጋውን ጣቢያው ውስጥ አሳልፌ፣ ወገብ ሲደርስ በሰኔ አወርደዋለሁ። ውሃው ሲሞላ ጫፉ ብቅ ማለት አለበት።

ድሮ አባቶች በወሩ ያውቁት ነበር። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ላይ ያለው የጨረጨራ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1996 ካለቀ ወዲህ ግን የሐይቁ ከፍታ የዝናብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። መስመር የተሠመረበት እንጨት ዳር ላይ ቸክሉና ራሳችሁ ተከታተሉት።

የሐይቅ ዳሯ፦
ጋሼ ጡረተኛው፣ እግዜር ይስጥልኝ! የጠርዙን ነገር ለአራሚዎቻችን አሳያለሁ። ወንድሜ ባሕር ሸሽ፣ ስምህ ራሱ ችግራችን ነው 😄 በበጋ ውሃው ሲሸሽ መሬቱ ይታረሳል፣ ከብትም ይለቀቅበታል። ለጋ ደንገል ደግሞ ላም አታልፈውም። አጥር ያዋጣል?

መረብ ጣዩ፦
አጥሩን እርሱት። አንድ በጋ ሳይሞላው ለማገዶ ይሄዳል። ሳትተክሉ በፊት ከሚያርሱት ሰዎች ጋር ወሰን ተነጋገሩ፤ እስከዚህ ለእናንተ፣ ከዚህ ወዲህ ለደንገሉ ተባባሉ። ስትነጋገሩም ዓሣ አጥማጆችና ታንኳ ሠሪዎች ይኑሩ። ታንኳ ያለ ደንገል አይሠራም። አምባዛም እንቁላሉን የሚጥለው ክረምት ላይ ውሃ በዋጠው የዳርቻ ሣር ውስጥ ነው። ዳርቻው ሲራቆት መረባችን ባዶ ይወጣል። ስለዚህ ከብት ሲገባ ቀድመን የምንጮኸው እኛ ነን፤ ጥበቃ መቅጠር አያስፈልጋችሁም።

ፊላ የሚባለውን የረግረግ ተክል ለማፍላት አትድከሙ፤ ዘሩን ንፋስ ያመጣላችኋል፣ ከዚያም ቦታውን ሁሉ ልያዝ ይላል። ውሃ ከማይደርስበት በላይ ዶቅማ ትከሉ። ዘሩ ከደረቀ አይበቅልም፤ ፍሬው በበሰለ ሰሞን ሥጋውን አጥባችሁ ወዲያው ዝሩት። ባሕር ዛፍ የሚያመጣላችሁ ካለ በትሕትና መልሱት።

የሐይቅ ዳሯ፦
ገባኝ። ብዙውን ከዘር፣ ትንሽ ሥር ከጠርዝ። ስብሰባው ላይ ይህን ይዤ እገባለሁ። የወሰኑን ንግግር ኅዳር ሳይገባ እንጀምራለን፤ ማረሻ ከወረደ በኋላማ ማን ይሰማናል። መረብ ጣዩ፣ በእናንተ በኩል የሚመጣ ሁለት ሦስት ሰው ብታገናኘኝ ደስ ይለኛል። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።