ቮልሷ ጠዋት ጠዋት አልነሳ አለች፤ ባትሪው አዲስ ነው

ጠያቂ፣ ደብረ ብርሃን፦

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ የተወልኝ ቮልስ አለችኝ። ባለ 1300 ሲሲ፣ ባለ 12 ቮልት ናት፤ ዕድሜዋ ከእኔ ይበልጣል። ችግሯ ጠዋት ነው። ቁልፍ ሳዞር ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) አንዴ "ቀጭ" ይልና ዝም። የሚገርመው መብራቷ አይደበዝዝም፣ ክላክሷም ይጮሃል። የሰፈር ልጆች ገፋ ሲያደርጓት ወዲያው ትነሳለች። ጋራዥ ብወስዳት "ባትሪ ነው" አሉኝ፤ ገዛሁ። ጥቂት ቀን ደህና ሆነችና ውርጩ ሲበረታ ተመልሳ እዚያው። አሁን ደግሞ ባትሪውን የሚሞላውን "ዲናሞ ቀይሪ" እየተባልኩ ነው። ሸዋ ሮቢት ቤተሰብ ጋ ስወርድ ግን አድራም በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። ደጋና ቆላ ለይታ ነው እንዴ የምትታመመው? ዲናሞ ከመግዛቴ በፊት ምን ልይ?

የመኪና ኤሌትሪሺያን፣ ደብረ ብርሃን፦

እህቴ፣ ለጊዜው ምንም አትግዢ። ተገፍታ ወዲያው ከተነሳች እሳቱም ነዳጁም ደህና ነው። የቀረው ባትሪው፣ ሞተሪኖው ወይም በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ነው። ዲናሞ ውድ ነው፤ ቴስተር (የኤሌትሪክ መለኪያ) ግን ከጎረቤትም ይገኛል።

ቴስተሩን 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርጊው። ጠዋት ቁልፍ ሳትነኪ የኋላ ወንበሩን አንሺና ባትሪውን ለኪ። 12.6 አካባቢ ከሆነ ሙሉ ነው። 12.4 ከሆነ ሩብ ያህል ጎድሏል። 12 ከሆነ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ ሌላ ሰው ቁልፉን ያዙር፣ አንቺ ቴስተሩን እዪ። ማርሹ ፍሪ፣ የእጅ ፍሬኑ የተያዘ ይሁን። ቁጥሩ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል ወይም አልሞላም። 11 ላይ ቆሞ ሞተሪኖው ካልዞረ ግን ባትሪውን አትውቀሺው፤ ኃይሉ መንገድ ላይ እየቀረ ነው።

ሦስተኛውን ልኬት ብዙ ሰው ይዘለዋል። የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ እርሳስ (ከባትሪው የወጣው ጉጥ) ላይ አድርጊ፤ ማሰሪያው ላይ ሳይሆን ራሱ እርሳሱ ላይ። ሌላውን ጫፍ የሞተሩ ባዶ ብረት ላይ ያዢ። ሽቦው ካጠረሽ ቀጥይበት። ቁልፍ ሲዞር ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው (ኃይሉ ከሞተሩ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት መንገድ) ላይ ችግር አለ። በፖዘቲቩም በኩል ከባትሪው እስከ ሞተሪኖው ትልቁ ብሎን ድረስ እንደዚሁ ትለኪያለሽ።

የመጀመሪያው ልኬት ማታ ደህና ሆኖ ጠዋት ከወደቀ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ሌሊት የሚያፈስ አለ። ኔጌቲቩን ፍቺና ቴስተሩን አምፔር ላይ አድርገሽ በተፈታው ሽቦና በባትሪው መሀል አስገቢው። ሰዓትና ሬዲዮ የሌላት አሮጌ መኪና ዜሮ አካባቢ ነው ማሳየት ያለባት። ከ50 ሚሊአምፔር ካለፈ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እያወጣሽ የትኛው ላይ እንደሚወርድ እዪ። ቴስተሩ እንደዚያ ተሰክቶ እያለ ግን ሞተሪኖ እንዳትሞክሪ፣ ይቃጠላል።

ጡረተኛ ሹፌር፣ ደብረ ሲና፦

ልጄ፣ መልሱን ራስሽ ነግረሽናል። መብራቱ ካልደበዘዘ ባትሪው አለ ማለት ነው። ቮልስ ላይ ሞተሩና ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) የተቀመጡት በጎማ ትራስ ላይ ነው፤ ጎማ ደግሞ ኤሌትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ከካምቢዮው አፍንጫ ወደ ቦዲው የምትሄድ የተጎነጎነች ጠፍጣፋ ሽቦ አለች። የሞተሪኖው ኃይል ሁሉ የሚመለሰው በእሷ ነው። ከስር ስለሆነች ጭቃና ዘይት ይበላታል። እሷ ስትበጠስ ኃይሉ በፍሪሲዮንና በነዳጅ ገመድ በኩል መንገድ ይፈልጋል። ገመዱ ግሎ ሽፋኑ ሲቀልጥ አይቻለሁ።

ስለ ቆላውና ደጋው፣ መታመሟ ሁለቱም ጋ አንድ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያልፋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ዘይቱ ይወፍራል፣ ሞተሪኖው የሚፈልገው ኃይል ይበዛል፣ ባትሪው ደግሞ በብርድ ጉልበቱ ይቀንሳል። በሞቀ አገር የምትበቃ የደከመች ሽቦ በብርድ አትበቃም።

የቮልስ ወዳጅ፣ አዲስ አበባ፦

እኔ ብሆን ዲናሞውን አውጥቼ አልተርኔተር (አዲሱን ዓይነት የባትሪ መሙያ) አስገባ ነበር። ዲናሞ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጥ) አይሞላም። ማታ ፊት መብራትና ዝናብ መጥረጊያ ከበራ ከባትሪው ነው የሚበላው።

ኤሌትሪሺያኑ፦

የተናገርከው እውነት ነው፣ ግን ለዚህ በሽታ መድኃኒቱ አይደለም። አልተርኔተር ያለ ማሳ ምን ያደርግላታል? መጀመሪያ ሙሌቱን ትለካ። ሞተሩ ተነስቶ ነዳጅ ሰጥ ሲደረግ ባትሪው ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ካሳየ ዲናሞውም ሬጉላተሩም (ሙሌቱን የሚቆጣጠረው) ሥራ ላይ ናቸው። ከ15 ካለፈ ሬጉላተሩ ባትሪውን እያፈላው ነው። ምንም ካልጨመረ ደግሞ ከዲናሞው በፊት ውስጡ ያሉትን ካርቦኖች እዩ፤ ብዙ ጊዜ ያለቁት እነሱ ብቻ ናቸው።

ሸዋ ሮቢት ነኝ፦

አንድ ነገር ልጨምር። ጠዋት እምቢ ስትልሽ ከጭነት መኪና በኬብል ኃይል እንዳትበደሪ። ትልልቆቹ አይሱዙዎች ባለ 24 ቮልት ናቸው፤ አምፖሉንም ሬጉላተሩንም ይጨርሱታል። ከቤት መኪና ተበደሪ።

ጠያቂ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። የጎረቤቴ ልጅ ቴስተር ይዞ መጣ። ጠዋት ባትሪው 12.5 አለ። ቁልፍ ሲዞር 11.6 ላይ ቆመ፣ ሞተሪኖው ያው "ቀጭ"። በኔጌቲቩና በሞተሩ መካከል 3 ቮልት አሳየ! መካኒክ ጠርተን ከስር ሲያይ ጋሼ ያሉት ሽቦ አረንጓዴ ሆኖ በጥቂት ክር ብቻ ተንጠልጥሏል። አዲስ አሠራን፤ የሚታሠርበትንም ቦታ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈተገው። አሁን ልዩነቱ 0.2 ነው፣ ቁልፍ ሲነካ ትነሳለች። ሙሌቱም 13.9 ነው። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። አሁን ሞተሪኖው ሲዞር ባትሪው ከበፊቱ በልጦ ይወርዳል፣ 10.5 ድረስ። ደግሞ ሌላ ነገር ተበላሸ?

ኤሌትሪሺያኑ፦

የለም፣ እንደዚያ ነው መሆን ያለበት። በፊት መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ሞተሪኖው የሚገባውን ያህል አያገኝም ነበር፣ ባትሪውም አይደክምም። አሁን ነው ሥራ የጀመረው። ዲናሞውን እርሺው። ሲመችሽ ክሩስኮቱ (ዳሽቦርዱ) ስር ያሉትን የሴራሚክ ፊውዞች አንድ በአንድ በጣትሽ አሽከርክሪያቸው። ጫፋቸው ዝገት ይይዛል፤ ፍሬቻና ስቶፕ መብራት ሲንቀራፈፍ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው።

ጡረተኛው ሹፌር፦

እሰይ። ልጄ፣ ወደ ጣርማ በር ስትወጪ ቀዩ የሙሌት መብራት ከበራ "ትንሽ ልሂድ" እንዳትዪ። ቮልስ ላይ ዲናሞውንም ማቀዝቀዣውንም የሚያዞረው አንድ ቺንጋ (ቀበቶ) ነው። ከተበጠሰ ሞተሩ ይቃጠላል። ዳር ያዢና አጥፊ። ትርፍ ቺንጋና መፍቻው መኪናው ውስጥ ይኑር።

የቮልስ ወዳጅ፦

አዲሱ ባትሪሽ ከድሮው ይረዝማል ወይ? የኋላ ወንበሩ ስር ስለሆነ ከባድ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሽቦ ፖዘቲቩን ይነካና የወንበሩ ገለባ ይቀጣጠላል። ይህ በቮልስ ብዙ ጊዜ ደርሷል።

ጠያቂ፦

ኧረ ይረዝማል! ክዳንም የለውም። ምን ላድርግ?

ኤሌትሪሺያኑ፦

ባትሪውን እስክትሸፍኚው ድረስ እሱ ባለበት ከኋላ በቀኝ በኩል ሰው አታስቀምጪ። ከአሮጌ ካለማዳሪያ ወፍራም ጎማ ቁረጪና ባትሪውን ከላይ ሙሉ በሙሉ ሸፍኚው፣ ፖዘቲቩ ጨርሶ እንዳይታይ። ካርቶን አይሆንም። ባትሪውም እንዳይንሸራተት ከታች ይታሠር። ስትፈቺ ኔጌቲቩን መጀመሪያ ፍቺ፣ ስታስሪ መጨረሻ እሰሪው። ወንበሩን ከመለስሽ በኋላ በእጅሽ ጫን ብለሽ ሞክሪ። ጎማው ላይ የሽቦ ምልክት ከቀረ ባትሪው ረዝሟል ማለት ነው፤ ወደ ሸጠልሽ ሱቅ ወስደሽ በአጭር አስለውጪው።