ጆርጅ ታውን (ፔናንግ) በጾም፦ መንገድ ዳር ምን ይበላል?

ቀማሹ፦
ሰላም ለቤቱ። ጅማ ነው የምኖረው፣ ሥራዬ ቡና ቅምሻ ነው። ኅዳር መጨረሻ ላይ ለሥልጠና ባንኮክ እሄዳለሁ። ሲያልቅ በባቡር ወደ ማሌዥያ ወርጄ ጆርጅ ታውንን ማየት አምሮኛል። አንድ የጀርባ ቦርሳ ነው የምይዘው፤ አልጋም የጋራ ክፍል ይበቃኛል። ሬስቶራንት ሳይሆን መንገድ ዳር መብላት ነው ሐሳቤ። ግን የነቢያት ጾም ይገባብኛል፣ መግደፍ ደግሞ አልፈልግም። ጾመኛ እዚያ ምን ይቀምሳል? ቡናቸውስ እንዴት ነው?

የሂርማታ ልጅ፦
ፔናንግ ነው የተማርኩት። ስለ ሙዚየሙ ሌላ ሰው ይንገርህ፤ እኔ ስለ ሆድ ልንገርህ።

ባቡሩ ፓዳንግ በሳር ድንበር ላይ ያወርድሃል። እዚያ ቀይረህ ባተርወርዝ፣ ከዚያ በጀልባ መሻገር ነው። ርካሽ አልጋ ቹሊያ መንገድና ላቭ ሌን አካባቢ ታገኛለህ። ከዚያ በእግርህ ትንሽ ስትሄድ እ.ኤ.አ. በ1818 ተሠርቶ ያለቀው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን፣ የቻይኖቹ የኩዋን ዪን መቅደስና የካፒታን ከሊንግ መስጊድ አንድ መንገድ ላይ ተደርድረዋል። ምግቡም እንደ ሰፈሩ ነው፤ ስለዚህ ምን እንደሆነ ከመጠየቅህ በፊት ማን እንዳበሰለው እይ።

ጠዋት ሊትል ኢንዲያ ገብተህ ቶሳይ ብላ። የሩዝና የጥራጥሬ ሊጥ አድሮ ሲቦካ ምጣድ ላይ በስሱ ይጋገራል። በቀኝ እጅህ እየቆረስክ ነው የምትበላው፤ እጅህ ወዲያው ይለምደዋል። «ጊ አታድርግበት» በል፣ ቅቤ ነው። የኮኮናት ማባያው ውስጥም አንዳንድ ቤት እርጎ ይገባል፣ ጠይቅ።

ዋናው ጠላትህ ግን ቤላቻን ነው፤ የቦካ ሽሪምፕ ተወቅጦ የሚሠራ። አረንጓዴ ጎመን የሚመስል ነገር ሲጠበስ አይተህ ጾም ነው ብለህ ትቀመጣለህ፣ ሽታው ሲመጣ ታውቀዋለህ። «አትክልት ብቻ ነው» ቢሉህ አትመን፣ እነሱ ቤላቻንን እንደ ጨው ነው የሚያዩት። አሳም ላክሳ የሚባለው ጎምዛዛ የኑድል ሾርባም አይሆንህም፤ መረቁ ራሱ ከዓሣ ነው። ያሳዝናል፣ ምክንያቱም የከተማዋ ምርጥ ምግብ እሱ ነው። ተምር ሂንዲው፣ ናና ቅጠሉ፣ አናናሱ... ይቅር፣ ጾምህን አላስፈታህም።

የሚያዋጣህ የቻይና ቡድሂስቶች ቤት ነው። ሥጋው ቀርቶ ነጭ ሽንኩርት እንኳ አያስገቡም። በጨረቃ አቆጣጠራቸው በወሩ 1ኛና 15ኛ ቀን ብዙዎቹ ሥጋ ስለማይበሉ ምርጫው ይሰፋል። እንቁላል እንደሌለበት ብቻ አረጋግጥ።

ማታ ሻጮቹ ጋሪያቸውን ሲደረድሩ መጀመሪያ ጠረጴዛ ያዝ፣ ቁጥሩን ለሻጩ ንገር፣ ምግቡ ሲመጣ ክፈል። መጠጥ ከሌላ ሰው ነው የሚታዘዘው፤ ሳታዝ ብትቀመጥ ባለቤቱ ፊቱን ያጠቁርብሃል።

የአጋሮ እንግዳ፦
ለሙስሊም አንባቢዎች ልጨምር። ቻር ኩዌይ ቲያው የሚባለው ጥብስ ኑድል ብዙ የቻይና ቤት በአሳማ ጮማ ነው የሚሠራው። የሐላል ምልክት ፈልጉ፣ ወይም የታሚል ሙስሊሞችን ናሲ ካንዳር ብሉ። «ባንጂር» ስትሉት የየድስቱን መረቅ በጭልፋ እያነሳ ሩዙ ላይ ያፈስባችኋል፤ የዓሣው፣ የዶሮው፣ የበጉ አንድ ላይ ይደባለቃል። ባይማርክም ይጣፍጣል።

ቀማሹ፣ የቢጫ ወባ ካርድህን እንዳትረሳ። ከእኛ አገር ለሚሄድ ይጠየቃል።

ቀማሹ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ቡናውን ግን ማንም አልመለሰልኝም።

የሂርማታ ልጅ፦
ሆን ብዬ ነው የዘለልኩት፣ ትታመማለህ ብዬ። አብዛኛው ሮቡስታ ነው፣ ሊቤሪካም አለ። ሲቆሉት ስኳርና ማርጋሪን ይጨምሩበታል፤ ፍሬው ጥቁር ሆኖ ያብለጨልጫል። በረጅም የጨርቅ ከረጢት ያጠሉታል። ዝም ብለህ «ኮፒ» ካልክ የጣፋጭ ወተት ቆርቆሮ ይከፍትልሃል፣ ጾምህ እዚያው አለቀ። «ኮፒ ኦ ኮሶንግ» በል፤ ወተትም ስኳርም የለውም። አሲድ አትፈልግበት፣ የአበባ ሽታም አትፈልግበት። የተቃጠለ ስኳር ነው የምትቀምሰው፣ እኔ ግን እስካሁን ይናፍቀኛል።

ቀማሹ፦
አንዳንዱ ቡና የሚቆላ ሰው በማርጋሪን ፈንታ ቅቤ ያደርጋል ሲባል ሰምቻለሁ። ያ ከሆነ ያስገድፋል?

የሂርማታ ልጅ፦
እሱን እንኳ የንስሐ አባትህን ጠይቅ። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ እስካሁን የመለስኩልህም በዝቷል።