ጥያቄ፦ እህቴ ያለችበት ከተማ አዋጁን አራዘመ፤ እማዬን ምን ልበላት?

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)፦
እንዴት ናችሁ ወገኖቼ። ታናሽ እህቴ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሪዮ ዴል በምትባል ትንሽ ከተማ ተከራይታ ትኖራለች። ታኅሣሥ 11 ቀን 2015 ዓ.ም. 6.4 የተለካው የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመታቸው እዚያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ነበር። እኛ ምሳ ላይ ነበርን። ተመስገን፣ እሷ ተርፋለች። በሯ ላይ ግን ቢጫ ወረቀት ለጥፈውባታል። አሁን ደግሞ ደውላ «ከተማው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን አራዘመው» አለችኝ። ስልኩ ላውድ ላይ ስለነበር እማዬ ሰማች። አቦሉን ቀድታ፣ ቶናው ሳይደርስ ተነስታ ጓዳ ገባች። አዋጅ ማለት ለእሷ ሰዓት እላፊና ፍተሻ ነው። ተራዘመ ማለት ነገሩ ባሰ ማለት ነው? እህቴስ ከዚህ የምታገኘው ነገር ይኖራል?

መልስ (ባሕር ዳር፣ የሕግ ባለሙያ)፦
አይዞሽ እህቴ። ስሙ ተመሳሰለ እንጂ ነገሩ ሌላ ነው። በእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 93 የፌዴራሉ አዋጅ ከጸደቀ እስከ 6 ወር ይቆያል፤ ከዚያ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ በየ4 ወሩ ይታደሳል። መብትም ይገድባል። እናትሽ የሚያውቁት ይኼን ነው። (ክልልም በተፈጥሮ አደጋ ወይም በወረርሽኝ ጊዜ ማወጅ እንደሚችል እዚያው አንቀጽ ላይ አለ፤ ብዙ ሰው ልብ አይለውም።)

የካሊፎርኒያው የከተማ አዋጅ ነው። ኃላፊው ያውጃል፣ ምክር ቤቱ በ7 ቀን ውስጥ ካላጸደቀው ይወድቃል። ከጸደቀም በኋላ ምክር ቤቱ ቢያንስ በየ60 ቀኑ «አሁንም ያስፈልጋል ወይ?» ብሎ ማየት አለበት። ስለዚህ ተራዘመ ማለት ጥገናው አላለቀም ማለት ነው። የሪዮ ዴል የውኃ መስመር ራሱ ተጎድቶ ነበር። ከተማው አዋጁን የሚይዘው እርዳታ ለመጠየቅና ሥራውን ለማፋጠን ነው። ሰዓት እላፊ ሕጉ ቢፈቅድም ራሱን የቻለ ትእዛዝ ይፈልጋል፤ በመራዘሙ ብቻ አይመጣም።

መልስ (ሳክራሜንቶ የምኖር የዳንግላ ልጅ)፦
ከላይ የተባለው ልክ ነው። እኔ ስለ ቤቱ ልንገርሽ። አረንጓዴ ወረቀት ግቡ፣ ቀይ ድርሽ አትበሉ ማለት ነው። ቢጫው በገደብ ነው፤ ገደቡ ወረቀቱ ላይ በእጅ ተጽፏል። ፎቶ አንስታ ትላክልሽና አንብቡት። ወረቀቱን እንዳትነቅለው።

የአዋጁ መራዘም ብር እጇ ላይ አያስቀምጥም። ይኼን አስረግጠሽ ንገሪያት፣ ብዙ ሰው ጠብቆ ጠብቆ ያዝናል። ተራ የቤት ኢንሹራንስም መንቀጥቀጥን አይሸፍንም፤ ለብቻው የሚገዛ ነው። የተሰበረውን ሳትጠግን ፎቶ ታንሳ፣ ደረሰኝ ትያዝ። ሌላ ቤት ስትፈልግ ደግሞ ዋጋውን ታስተውል። አደጋ ሲታወጅ የኪራይና የዕቃ ዋጋ ከ10 በመቶ በላይ መጨመር ክልክል ነው። ክልከላው መጀመሪያ ለ30 ቀን ነው፣ ሊራዘም ይችላል። አሁንም መኖሩን ከከተማው ቢሮ ትጠይቅ።

መልስ (ቡሬ፣ እናት)፦
ልጄ፣ ለእናትሽ «አዋጅ» የሚለውን ቃል አታንሺባት። «ከተማው ቤት እየጠገነ ነው፣ ሥራው ስላላለቀ ቀን ጨመሩ» በያት። ልጅቱም ራሷ ትደውልላት፣ ከተቻለ በቪዲዮ። የእኔ ልጅ አረብ አገር ሳለች ፊቷን ካላየሁ ሺ ጊዜ ደህና ናት ቢሉኝ አላምንም ነበር።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ማታ በቪዲዮ ደወለች። እማዬ መጀመሪያ ያለቻት «እስኪ ግድግዳውን አሳዪኝ» ነው። ከጭስ ማውጫው አጠገብ ወደ ታች የወረደ ስንጥቅ አለ። ወረቀቱን አነበብነው፤ ዕቃ ለማውጣት መግባት ይፈቀዳል፣ ማደር አይፈቀድም ይላል። ለጊዜው ጓደኛዋ ጋ ናት። አከራይዋ ግን የዚህን ወር ሙሉ ኪራይ ጠይቋታል። ማደር ካልተፈቀደላት መክፈል አለባት?

መልስ (ሳክራሜንቶ)፦
በቃል አትስማማ፣ ዝም ብላም ክፍያ እንዳታቆም። የወረቀቱን ፎቶ አያይዛ፣ ማደር ከተከለከለችበት ቀን ጀምሮ ኪራዩ እንዲቀነስላት በጽሑፍ ትጠይቀው። እዚያው ካውንቲ ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጡ አሉ፤ ከመክፈሏ በፊት ነገ ጠዋት ትደውል።