የአባታችን ዕቃ ለማን ይድረስ?

ጥያቄ፦ አባታችን ካረፈ በኋላ ቤቱን እያጸዳን ነው። እህቴ «ዕቃ ዕቃ ነው፣ የፈለገ ይውሰድ» ትላለች። እኔ ግን የእጅ ሰዓቱን ሳየው፣ ማሰሪያው እሱ በሚቆልፍበት ቀዳዳ ላይ ሰፍቶ፣ ለሰው መስጠት ከበደኝ። ልጆቼ አያታቸውን አያውቁትም። እናንተስ ምን አደረጋችሁ?

መልስ 1፦ ነፍስ ይማር። ሰዓቱን ያዘው፣ ምን ትጠይቃለህ! ሶፋውን ግን ልቀቅ፣ ሁሉም መታሰቢያ ከሆነ ቤቱ መጋዘን ነው የሚሆነው።

መልስ 2፦ እኔ የምለው፣ ከዕቃው በፊት ታሪኩን ያዙ። ማን ገዛው፣ መቼ፣ ስንቴ ተጠገነ... የሚያውቁት ትልልቆቹ ናቸውና በስልክ ድምፃቸውን ቅዱ። ታሪኩ ከጠፋ ለልጆችህ ያው አሮጌ ሰዓት ነው። ፎቶ ካለ ደግሞ ጀርባው ላይ ስም በእርሳስ ጻፉ፣ በስሱ። እስክሪብቶ ፊቱን ሊያበላሸው ይችላል። ከፀሐይና ከእርጥበትም አርቁት።

መልስ 3፦ እህትህን አትቀየማት። ራስል ቤልክ የሚባል ተመራማሪ በ1988 እ.ኤ.አ. ንብረታችን የማንነታችን ቅጥያ ነው ብሎ ጽፏል፤ አንዳንዱ ሰው ግን ሐዘኑ የሚቀለው ዕቃው ከዓይኑ ሲርቅ ነው። እኛ ቤት የተጣላነው በወርቅ ሳይሆን በማስታወሻ ደብተር ነው፣ ብታምንም ባታምንም። ስካን አድርገን ለሁሉም ላክን፣ ዋናው በየዓመቱ በተራ ይዞራል።

መልስ 1፦ በተራ? የኔ ወንድም እጅ ከገባ አለቀለት፣ አይመለስም 😂