ቲፕ ሁለት ጊዜ ከፈልኩ፣ ምን ይሻለኛል?

ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ ነው ያለሁት፤ አሜሪካ ከገባሁ ገና 7 ወር ቢሆነኝ ነው። ቅዳሜ ዕለት የአክስቴን ልጆች ልጋብዝ ብዬ አንድ ባር ኤንድ ግሪል ወሰድኳቸው። ግድግዳው ላይ የድሮ መኪና ታርጋ፣ ጊታር፣ ባንዲራ ተሰቅሏል። ቤቱ ያምራል፣ ምግቡ ግን አይወራ። ስቴኩን "ዌል ደን" ብዬ አዝዤ ስቆርጠው መሃሉ ቀይ ነው፤ ደሙ ድንቹ ድረስ ወርዷል። ጥሬ ብፈልግማ ቁርጥ ቤት አልሄድም ነበር? መልሰው ሲያመጡት ደግሞ የጫማ ሶል ሆኗል።

የጨነቀኝ ግን ሂሳቡ ነው። 6 ሰው ስለነበርን 180 ዶላሩ ላይ 20 በመቶ፣ ማለትም 36 ዶላር፣ "ግራቱይቲ" ብለው ደምረውበታል። ለካ ቲፕ ማለት ነው፤ ቃሉን አላውቀውም ነበር። የአስተናጋጅ ደሞዝ ትንሽ መሆኑን ስለሰማሁ (በፌደራሉ ሕግ በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ብቻ መክፈል ይቻላል) ከታች ባዶው መስመር ላይ ሌላ 40 ጻፍኩ። የነቃሁት ማታ ደረሰኙን ሳይ ነው።

ስደውል ማናጀሩ "ፈርመሃል" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ፈርሜያለሁ። ባንኩ ደግሞ ገና "ፔንዲንግ" ነው (ክፍያው አላለቀም) ይላል። የከፈልኩት በዴቢት ካርድ ነው። ዲስፒውት ላድርግ (በባንኩ በኩል ክፍያውን ልቃወም) ወይስ ደረሰኙን ይዤ በአካል ልሂድ? አስተናጋጇ ላይ እንዳይመጣባትም ፈርቻለሁ። የደረሰበት ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።