የጀልባችን ሞተር የማቀዝቀዣ ውሃ በበቂ መጠን አያወጣም፤ እባካችሁ እርዱን

ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር በሸራ ጀልባ ስንጓዝ፣ ለአንድ ሌሊት ብለን በባሕር ዳርቻ የጀልባ ማረፊያ ካሰርን ዛሬ አራተኛ ቀናችን ነው። ወደ ማረፊያው ልንገባ ስንል፣ ከጭሱ ጋር አብሮ መውጣት የነበረበት የማቀዝቀዣ ውሃ ድንገት ስለቀረና የሙቀት ማስጠንቀቂያው ስለጮኸ፣ ሞተሩን ወዲያው አጥፍተን በሌላ ጀልባ ተጎትተን ገባን።

የውሃ ማስገቢያው ቫልቭ ክፍት ነው፤ ማጣሪያው ውስጥ የተጠቀጠቀውን የባሕር ሣርም አጽድቻለሁ። የፓምፑን ክዳን ስፈታ ግን ከጎማው ኢምፔለር (እየተሽከረከረ ውሃውን የሚገፋው ክፍል) 6 ክንፎች 2ቱ ከሥራቸው ተቆርጠው ጠፍተዋል። በአዲስ ብተካውም ውሃው አሁንም ቀጥኖ ነው የሚወጣው። ቁርጥራጮቹ ሙቀት ማስተላለፊያው (የሞተሩን ሙቀት ወደ ባሕር ውሃው የሚያሳልፈው ክፍል) መግቢያ ላይ ተወትፈው ይሆን ብዬ እሰጋለሁ፤ ቱቦውን ከየትኛው ጫፍ ፈትቼ ልፈልጋቸው? ልጆቼን ይዤ በማላምነው ሞተር ወደ ባሕር መውጣት አልችልምና፣ ተመሳሳይ ችግር የገጠማችሁ እባካችሁ በዝርዝር አስረዱኝ።