የአራስ ልጄ ትንፋሽ የሚያፏጨው በልብ ጉድለት ነው?

ጥያቄ፦ የ3 ሳምንት ልጄ ሲተነፍስ ያፏጫል፤ ጡት ሲጠባ ደግሞ ይብስበታል። ሐኪሞች የአኦርታው (ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ) ቅስት ድርብ ሆኖ የአየር ቧንቧውን ከብቦታል አሉን። ይህ እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርልዎ። በፅንስ ጊዜ መጥፋት የነበረበት አንዱ ቅስት ሳይጠፋ ሲቀር፣ ሁለቱ ቅስቶች የአየርና የምግብ ቧንቧዎቹን እንደ ቀለበት ያጠብቋቸዋል፤ የአራስ አየር ቧንቧ ጠባብና ለስላሳ ስለሆነም ቶሎ ይታፈናል። አሜሪካዊው የቀዶ ሐኪም ሮበርት ግሮስ እ.ኤ.አ. በ1945 በቦስተን እንዲህ ያለውን ቀለበት በቀዶ ሕክምና ከፍቷል፤ ዛሬም በአብዛኛው የሚቆረጠው ትንሹ ቅስት ነው።

ሌላ መልስ፦ የትኛው ቅስት እንደሚያንስ በሲቲ ስካን ስለሚለይ፣ ምርመራው ተደርጎ እንደሆነ ይጠይቁ።

ሌላ መልስ፦ የእኔም ልጅ በዚሁ አልፋለች። ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ተጭኖ የቆየው የአየር ቧንቧ እስኪጠነክር ድረስ ማፏጨቱ ለወራት ሊዘልቅ ስለሚችል አይደንግጡ፤ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ትንፋሹ ከተቋረጠ ግን በዚያው ቅጽበት ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።